«ሌቭል ፎር» ይዤ መጥቼ «ኢንትሪ ስሪ» አሉኝ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው ሊድስ ነው። 33 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እንግሊዝ ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ፣ የስደተኝነት ወረቀቴንም አግኝቻለሁ። አገር ቤት አስረኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ በአካውንቲንግ ሌቭል ፎር ተመረቅኩ፣ ሲኦሲም አልፌ ሁለት ዓመት ሠራሁበት። አሁን አረጋውያን በሚጦሩበት ኬር ሆም ነው የምሠራው። ሥራው ይከብዳል ግን ወድጄዋለሁ። አዛውንቶቹ ስማቸው ሳይቀር በልቤ ነው ያለው። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። በቅርቡ ኮሌጅ ሄጄ ፈተኑኝና እንግሊዝኛሽ ‹ኢንትሪ ስሪ› ነው፣ ሒሳብሽ ‹ሌቭል ዋን› ነው አሉኝ። ‹እኔ እኮ ሌቭል ፎር አለኝ› ብላቸው ማንም አልሰማኝ። ነርስነት መጀመሪያ ሌቭል ስሪ፣ ከዚያ ሌቭል ሲክስ ይፈልጋል ሲሉኝ እየቆጠርኩ ቤቴ ገባሁ፣ አርጅቼ የምጨርስ መሰለኝ። ባለቤቴ ‹አካውንቲንግሽን ቀጥይ› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ምን አደከመሽ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚማሩት የቢዝነስ ዲግሪ አለ፣ መግቢያ ብዙ አይጠይቁም፣ መንግሥት ገንዘብ ይሰጥሻል› ትለኛለች። የቱን ልያዝ? ግራ የገባት፣ ከሊድስ»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺና ለልጆችሽ።

ከሁሉ በፊት ያቺን ቁጥር እናንሳት፣ ምክንያቱም ልብሽን የሰበረችው እሷ ናት። ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ሠርቼ የመጣሁ ሰው እንዴት ከአንድ በታች እባላለሁ ብለሽ ነው የከፋሽ። ማንንም ይከፋል። ግን አዲስ አበባ ጫማ ስትገዢ 38 ትያለሽ፣ ሊድስ ሱቅ ስትገቢ ያንኑ ጫማ 5 ይሉሻል። እግርሽ አላነሰም። አንቺ የተማርሽበት ያገር ቤት የቴክኒክና ሙያ ሌቭል ከ1 እስከ 5 ነበር የሚሄደው፣ የሚለካውም የሙያ ብቃትሽን ነው። የእንግሊዙ ከኢንትሪ ይጀምርና እስከ 8 ይዘልቃል። ሁለቱን ያወጣቸው የተለያየ አካል ነው፣ አንዱ ላይ ያለው 4 ሌላው ላይ ካለው 4 ጋር እንዲገናኝ ተብሎ አልተሠራም። ደግሞ ኮሌጁ የፈተነሽ እንግሊዝኛና ሒሳብ ብቻ ነው። ደብተር መዝጋት ትችያለሽ ወይ፣ የታመመ ሰው ታነሺያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «በዚህ ትምህርት ከዚህ ክፍል ብትጀምር ይሻላታል» የሚል ነው። ከዚያ አልፎ ስላንቺ የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ደረጃዎቹን ልንገርሽ፣ ሰው በወሬ እንዳያደናግርሽ።

ኢንትሪ ራሱ ሦስት ነው፤ ዋን፣ ቱ እና ስሪ። አንቺ የመጨረሻው ላይ ነሽ። ቀጥሎ ሌቭል 1 ይመጣል። ሌቭል 2 ማለት እዚህ ያደጉ ልጆች 16 ዓመት ሲሞላቸው የሚፈተኑት ጂሲኤስኢ ላይ ጥሩ ማለፊያ ማምጣት ነው። ጂሲኤስኢ ላይ ትልቁ ውጤት 9 ነው፣ ትንሹ 1፤ «4 አመጣ» ሲሉሽ ወደቀ ማለት አይደለም፣ የድሮው «ሲ» ነው፣ ብዙ ቦታ የሚጠይቁትም እሱን ነው። ሌቭል 3 ልጆቹ በ18 ዓመታቸው የሚጨርሱት ነው፣ ኤ ሌቭል፣ ቲ ሌቭል፣ ቢቴክ የሚባሉት። ላንቺ ዓይነቱ አዋቂ ደግሞ አክሰስ የሚባል አለ፣ እመለስበታለሁ። ከ4 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ትምህርት ነው። ኤችኤንሲ የሚባለው የሙያ ሰርተፊኬት 4 ነው፣ ኤችኤንዲ የሚባለው የሙያ ዲፕሎማና ከሙሉ ዲግሪ የሚያንሰው ፋውንዴሽን ዲግሪ 5፣ ዲግሪ 6፣ ማስተርስ 7፣ ፒኤችዲ 8። ግላስጎው ወይ ኤደንብራ ዘመድ ካለሽ የእነሱን ቁጥር አትስሚ፣ ስኮትላንድ የራሷ 12 ደረጃ ስላላት «ሌቭል 6» ሲሉሽ ዲግሪ ሳይሆን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሊሆን ይችላል።

አሁን እየቆጠርሽ ቤትሽ የገባሽውን ቆጠራ እናስተካክል። አንቺ የቆጠርሽው ኢንትሪ 3፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ እያንዳንዱን አንድ ዓመት አድርገሽ ነው አይደል? እንደዛ አይደለም የሚሄደው። ዲግሪ ስትገቢ የመጀመሪያው ዓመት ራሱ ሌቭል 4 ነው፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 6። ለየብቻ ፈልገሽ የምታልፊያቸው ክፍሎች አይደሉም። የነርስ ዲግሪ በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፣ እነዚህ ሦስቱ በሙሉ ውስጡ አሉ። ከታች ያሉትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓመት አይፈጁም፣ እንግሊዝኛና ሒሳብም ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂም።

ሌላም ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። ሌቭል የሚነግርሽ የትምህርቱን ክብደት ነው እንጂ ብዛቱን አይደለም። ብዛቱን የሚነግርሽ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ስም ነው። «አዋርድ» ከተባለ እስከ 120 ሰዓት የሚሆን ትንሽ ነገር ነው፣ «ሰርተፊኬት» ከዚያ ከፍ ብሎ ከ370 ሰዓት በታች ነው፣ «ዲፕሎማ» 370 ሰዓትና ከዚያ በላይ። ስለዚህ አንድ ሰው «በሦስት ሳምንት ሌቭል 3 እሰጥሻለሁ» ብሎ ቢጠራሽ ውሸታም ላይሆን ይችላል፣ ግን የሚሰጥሽ አዋርድ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ በር አያስከፍትም። ስንቱ የኛ ሰው በዚህ ተሸውዶ ገንዘቡን ከፍሏል መሰለሽ። አንድ ኮርስ ሲነግሩሽ «ሌቭሉ ስንት ነው» ብለሽ አታቁሚ፣ «ይሄን ጨርሼ የት ያስገባኛል» ብለሽ ጠይቂ፣ ያስገባሻል የተባለበት ቦታ ራሱ ደውለሽ አረጋግጪ።

እንግሊዝኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ መንገዱ የሚታሰረው እዚህ ጋ ነው።

ለስደተኛ የሚሰጠው እንግሊዝኛ ኢሶል ነው፣ እሱም ከኢንትሪ እስከ ሌቭል 2 ይሄዳል። ችግሩ ኢሶል ሌቭል 2 ጨርሰሽ ዩኒቨርሲቲ ስትሄጂ «ጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ 4 ወይም ፈንክሽናል ስኪልስ ሌቭል 2 አምጪ» ይሉሻል። ፈንክሽናል ስኪልስ ማለት በጂሲኤስኢ ፋንታ የሚወሰድ፣ ለዕለት ኑሮና ለሥራ የሚሆን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ነው። ቁጥሩ ያው 2 ነው፣ የኢሶሉ ወረቀት ግን ለብዙዎቹ አይበቃቸውም። ስለዚህ ኢሶልን እስከ ጫፍ ድረስ መውጣት የለብሽም። ኢሶል ሌቭል 1 አካባቢ ስትደርሺ ለአስተማሪሽ «ወደ ፈንክሽናል ስኪልስ ልሻገር ወይ» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ሁለት ዓመት ጨምሮ ይቆያል።

ፈንክሽናል ስኪልስ እንግሊዝኛ ሦስት ነገር ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና ማዳመጥ። ሦስቱንም ማለፍ አለብሽ። የሚጥለው መጻፉ ነው፣ ፈተናው ላይ ኮምፒውተሩ ስፔሊንግ አያርምልሽም። አንቺ በኬር ሆሙ በየቀኑ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። ያንን በችኮላ «ኦኬ፣ በልታለች» ብለሽ ከምትዘጊ ሦስት አራት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊበት፣ ቋንቋው ጎበዝ የሆነ የሥራ ባልደረባ ካለሽም እንዲያርምሽ ለምኚ። ከክፍሉ በላይ የሚያስተምርሽ ይሄ ነው።

ሒሳቡ ላይ ግን ቶሎ የምትሄጂ ይመስለኛል። አካውንቲንግ የተማረ ሰው መቶኛና ክፍልፋይ አይጠፋውም። ፈተናው በታሪክ መልክ ስለሚመጣ፣ ቀለም ቀቢው ስንት ቆርቆሮ ይገዛል፣ ዋጋው በስንት ቀነሰ ምናምን ስለሚል፣ ሌቭል 1 ያስባለሽ ሒሳቡ ሳይሆን ጥያቄውን የማንበቡ ነገር ሊሆን ይችላል። የተወሰነው ክፍል ያለ ካልኩሌተር ነው፣ ተለማመጂ። ሌቭል 2 ሒሳብን በዚህ ዓመት ከኢሶሉ ጋር አብረሽ ያዢ። ፈንክሽናል ስኪልስ ደግሞ እንደ ጂሲኤስኢ የበጋውን ፈተና ወር አያስጠብቅም፣ ሲዘጋጁ ነው የሚፈተኑት። ላንቺ ሁኔታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለነርስነት ጂሲኤስኢውን ራሱን ስለሚፈልግ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ። ባንቺ አካባቢ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሊድስ ቤኬት፣ ብራድፎርድና ሀደርስፊልድ ሁሉም ነርስነት ያስተምራሉ፣ ለአራቱም አጭር ኢሜይል ላኪ። የአስረኛ ክፍል ውጤትሽንም ፎቶ አንስተሽ አያይዢና «ይሄን ለሒሳብ ትቀበሉኛላችሁ ወይ» በያቸው። መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ክፍያ ብለሽ እንዳትሰጊ። ከ19 ዓመት በላይ የሆነና በእንግሊዝኛና በሒሳብ ያ የ4 ውጤት የሌለው አዋቂ እስከ ሌቭል 2 ድረስ እነዚህን ሁለቱን በነጻ የመማር መብት አለው። አንቺ ደግሞ የስደተኝነት ወረቀት ስላለሽ ሌላው ሰው የሚጠየቀው የሦስት ዓመት ነዋሪነት አንቺን አይመለከትም። ኢሶሉም ሥራ ለሌለው ወይም ደሞዙ ዝቅ ላለ ሰው ነጻ ነው፣ ስለዚህ የደሞዝ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ። ይሄን የምታነቡ፣ ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ እህት ወንድሞችም፣ ጥያቄ አስገብታችሁ ስድስት ወር ካለፋችሁና መልስ ካልመጣ ኮሌጅ ልትገቡ ትችላላችሁ፣ «ወረቀት ሲወጣ» እያላችሁ አትቀመጡ።

ሌቭል 3 ጋ ስትደርሺ ሁለት መንገድ አለሽ።

የመጀመሪያው አክሰስ ነው። ሙሉ ስሙ አክሰስ ቱ ሃየር ኤጁኬሽን ዲፕሎማ ይባላል። የተሠራው በልጅነቱ ትምህርቱ ለተቋረጠበት አዋቂ ነው፣ ክፍል ውስጥ እንዳንቺ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመጣ እናት ሞልታለች። 60 ክሬዲት ነው፣ ከነዚህ 45ቱ በሌቭል 3 ውጤት የሚሰጥባቸው ናቸው። በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት፣ በማታ ወይም በከፊል ጊዜ ሁለት ዓመት አካባቢ ይፈጃል። በጤና ዘርፍ የሚሰጠውን ነው የምትመርጪው። ክፍያው አድቫንስድ ለርነር ሎን በሚባል የመንግሥት ብድር ይሸፈናል፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለኮሌጁ ነው የሚገባው፣ የባንክ ታሪክሽን አያዩም፣ ደሞዝሽንም አይጠይቁም። አሁን ዋናውን ስሚ፤ አክሰስ ጨርሰሽ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ዲግሪሽን ካጠናቀቅሽ ያ የአክሰስ ብድር ይሰረዝልሻል። ሎን የሚለውን ቃል ሰምተው ከበሩ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ወለድ ያለው መሆኑን ግን አልደብቅሽም፤ በእምነትሽ ምክንያት ወለድ የማትነኪ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይሻልሻል።

ሁለተኛው አፕረንቲስሺፕ ነው፣ ተቀጥሮ እየሠሩ መማር ማለት ነው። ነርሲንግ አሶሺየት የሚባል ሙያ አለ፣ በኬረርና በነርስ መካከል ያለ፣ ከ2019 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ነርሶችን የሚመዘግበው ኤንኤምሲ እነሱንም ይመዘግባል። ትምህርቱ ሌቭል 5 ነው፣ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል፣ ደሞዝ እየተከፈለሽ ነው የምትማሪው፣ የትምህርቱን ክፍያም አንቺ አትከፍይም። የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ከዚያ በኋላ ነርስ መሆን ብትፈልጊ ዜሮ አትጀምሪም፣ የተማርሽው ይቆጠርልሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ጨምረሽ ሙሉ ነርስ ትሆኛለሽ። እዚህም እንግሊዝኛና ሒሳብ ሌቭል 2 አብዛኛውን ጊዜ ይጠይቁሻል። የአክሰስ ዲፕሎማ ግን አንዳንዱ ቀጣሪ በጭራሽ አይጠይቅሽም፣ በኬር የሠራሽውን ልምድና ሌቭል 3 የኬር ዲፕሎማን ይቀበላል።

የቱ ይሻላል ካልሽኝ እኔ ላንቺ ሁለተኛውን ነው የማየው። ሁለት ልጅ፣ የቤት ኪራይ፣ ሺፍት። ደሞዝ ሳይቋረጥ መማርን የመሰለ ነገር የለም። ችግሩ ቦታው ጥቂት ነው፣ ፉክክሩ ብዙ ነው፣ ቀጣሪሽም ፈቃደኛ መሆን አለበት። ስለዚህ ነገ ማኔጀርሽን ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪ። «ነርሲንግ አሶሺየት መሆን እፈልጋለሁ፣ እስከዚያው ሌቭል 3 የአዋቂዎች ኬር ዲፕሎማ አስጀምሩኝ» በያት። ኬር ሆሞች ሠራተኛ እንዳይሄድባቸው ስለሚፈልጉ ከምትገምቺው በላይ ጆሮ ይሰጡሻል። እነሱ እምቢ ቢሉ ሆስፒታሎቹ ማስታወቂያ የሚያወጡት ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሥራ ዌብሳይት፣ ኤንኤችኤስ ጆብስ ላይ ነው፣ «ትሬኒ ነርሲንግ አሶሺየት» ብለሽ ፈልጊና ማስታወቂያ ሲወጣ ኢሜይል እንዲመጣልሽ አድርጊ። ያ የኬር ዲፕሎማ ግን ለሥራና ለአፕረንቲስሺፕ የሚሆን እንጂ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ለቀጥታ ዲግሪ የሚቀበለው አይደለም። ብቻውን ይበቃኛል ብለሽ እንዳትቀመጪ።

አፕረንቲስሺፑ ካልተገኘ አክሰስ አለ። ዲግሪውን በሙሉ ጊዜ ከያዝሽ ደግሞ ኤንኤችኤስ እንግሊዝ ውስጥ ለነርስ ተማሪ በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጋፍ ይሰጣል፣ ከ15 ዓመት በታች ልጅ ላለው ተጨማሪ 2,000 አለ። ይሄ ስቱደንት ፋይናንስ ከሚባለው የመንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብድር ውጪ ነው። ግን እወቂው፣ የነርስ ትምህርት ቀላል አይደለም። ከ4,600 ሰዓት ግማሹ ሆስፒታልና ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ሺፍት አለው፣ ቅዳሜና እሁድ አለው። ባለቤትሽ ልጆቹን የሚይዝበትን ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

ስለ ባለቤትሽ ካነሳን፣ ምክሩን እንዲሁ አትጣይበት። ክፉ አላሰበም፣ መንገዱም እውነተኛ መንገድ ነው። እዚህ ኤኤቲ የሚባል የሒሳብ ባለሙያዎች ብቃት ማረጋገጫ አለ፣ ሌቭል 2፣ 3 እና 4 እያለ ይሄዳል፣ በማታም በኦንላይንም ይማሩታል፣ ለመግባት የትምህርት ማስረጃ የግድ አይልም። ዌብሳይታቸው ላይ የት መጀመር እንዳለብሽ የሚነግርሽ ነጻ መለኪያ አለ፣ የዴቢትና ክሬዲት ነገር በእጅሽ ስላለ ሌቭል 2ን ዘለሽ ከ3 ልትጀምሪ ትችያለሽ። ያገር ቤት ሌቭል ፎርሽ ዋጋው እዚህ ጋ ነው የሚታየው፣ ወረቀቱ ሳይሆን ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው። ጊዜው ያጥራል፣ ሥራው የቀን ነው፣ ወገብም አይቆርጥም። ከነርስነቱ ጋር አወዳድሪያቸው፣ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ።

ግን አንድ ነገር ታየኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ አካውንቲንግ የጻፍሽው የተመረቅሽበትንና የሠራሽበትን ዓመት ብቻ ነው። ስለ አዛውንቶቹ ስትጽፊ ግን ልብሽን ጽፈሻል። ወድጄዋለሁ ያልሽው አንዱን ብቻ ነው። እኔ ብሆን ያንን ነበር የምሰማው። አካውንቲንጉ ደግሞ የትም አይሄድም፣ ሌላ ጊዜም ይመለሱበታል።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው።

ያንን የቢዝነስ ዲግሪ አትንኪው። እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ለግል ኮሌጅ ያከራያል፣ ኮሌጁ ኤጀንት ያሰማራል፣ ኤጀንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ገብቶ የራሱን ሰው ይመዘግባል፣ በተመዘገበው ልክ ኮሚሽን ይከፈለዋል። «መንግሥት ይሰጥሻል» የሚሉት ገንዘብ ስጦታ አይደለም፣ በስምሽ የተጻፈ ብድር ነው፤ ለክፍያ አንድ፣ ለኑሮ አንድ። በ2024 ጃንዋሪ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ራሱ በእንዲህ ዓይነት ኮሌጆች ላይ ሪፖርት አውጥቶ ክትትሉ የላላ መሆኑን ተናግሯል። በዚህ መንገድ ተምሮ ሥራ የያዘ ሰው የለም አልልም። ላንቺ ግን ሌላ ጉዳት አለው። ስቱደንት ፋይናንስ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ዓመት የተቆጠረ ነው፣ ከዚያ ላይ ቀድሞ የተማርሽው ይቀነሳል። የማትፈልጊው ቢዝነስ ላይ ሁለት ዓመት ካጠፋሽ በኋላ ነርስነት እገባለሁ ስትይ «ዓመትሽን በልተሻል» ሊመጣ ይችላል። ለነርስነት አንዳንድ የተለየ ደንብ አለ፣ ግን ለምን ወደዚያ ጣጣ ትገቢያለሽ? በዚያ ላይ እንግሊዝኛሽ ገና እየተሠራ እያለ የዲግሪ ጽሑፍ ጻፊ ይሉሻል፣ አትችይም ስትያቸው «የሚጽፍልሽ ሰው አለ» ይሉሻል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺው አስቢው። ጓደኛሽ ለክፋት ብላ አይደለም፣ ምናልባት እሷም ስትሰማ የዋለችውን ነው የነገረችሽ። አመስግኛትና ተያት።

ገንዘቡ ላይ ሌላ ሁለት ነገር። ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ፣ የምታገኙ ከሆነ ማንኛውንም ኮርስ ከመጀመርሽ በፊት በኦንላይን አካውንትሽ ያለው ጆርናል ላይ ጻፊላቸው፣ የከፊል ጊዜ ኢሶልና ፈንክሽናል ስኪልስ ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የሚሰጥሽ የኑሮ ብድር ግን እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ክፍያሽን ይቀንሰዋል። ሁለተኛ፣ ኮሌጅ ስትመዘገቢ «ለርነር ሰፖርት» የሚል ቅጽ አለ፣ ለልጅ ማቆያ፣ ለአውቶቡስ፣ ለመጻሕፍት የሚረዳ፣ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። በጀቱ ስለሚያልቅ የተመዘገብሽ ዕለት ጠይቂ።

የአገር ቤት ወረቀቶችሽን ደግሞ አሁኑኑ ዩኬ ኤኒክ ልከሽ ገንዘብ አትክፈዪ። ኤኒክ የውጭ ማስረጃን ከእንግሊዙ ጋር አወዳድሮ ደብዳቤ የሚጽፍ ተቋም ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ደብዳቤውን የሚጠይቅሽ ቀጣሪ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲኖር ነው የሚጠቅመው። እስከዚያው ኦሪጅናሎቹን፣ ሲኦሲውንና የአስረኛ ክፍል ካርዱን ስካን አድርገሽ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ፤ የጎደለ ካለም አገር ቤት ያለ ዘመድ ቴክኒክና ሙያው ድረስ ሄዶ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት እንዲያወጣልሽ ከአሁኑ ንገሪ፣ እሱ ነገር ወራት ይፈጃል።

እንግዲህ ጊዜውን ላስላልሽ። በዚህ ዓመት ኢሶል ሌቭል 1 እና ፈንክሽናል ሒሳብ ሌቭል 2። በሚቀጥለው ፈንክሽናል እንግሊዝኛ፣ ከሥራሽ ጋር የኬር ዲፕሎማው እየሄደ። በሦስተኛው ወይ ነርሲንግ አሶሺየት፣ ወይ አክሰስ። ከ40 ዓመትሽ በፊት ወይም እዚያው አካባቢ ነርስ ነሽ ማለት ነው፣ በመሃል አንድ ዓመት ልጅ ታሞ ወይ ሺፍት ተቀይሮ ብታቋርጪ እንኳ ያለፍሽው ወረቀት አይሰረዝም፣ ካቆምሽበት ነው የምትቀጥዪው።

የመስከረሙ ምዝገባ ካመለጠሽም አትዘኚ፣ ብዙ ኮሌጆች ጃንዋሪ ላይም ያስገባሉ። ስትሄጂ «ኢንትሪ ስሪ» ያሉሽን የፈተና ውጤት ዝርዝሩን ጠይቂያቸው፣ ማንበብ ስንት፣ መጻፍ ስንት፣ ማዳመጥ ስንት እያለ የተከፋፈለውን። ሦስቱ እኩል አይሆኑም፣ የኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ ላይ ከፍ ይልና ጽሑፉ ይጎትተዋል። ያንቺም እንደዛ ከሆነ ለጽሑፉ ብቻ ተጨማሪ ክፍል አለ ወይ በያቸው፣ ለንባቡ ሌቭል 1 አስገቡኝ በያቸው። ከከለከሉሽ ሌላ ኮሌጅ ሄደሽ እንደገና ተፈተኚ፣ ፈተናው ነጻ ነው፣ ሁለት ቦታ መፈተንን የሚከለክል ሕግ የለም።